ልጃችሁ «ዲሲፕሊን ኮሚቴ ቅረብ» ሲባል



ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት መድኃኒት አወሳሰድን ጀምረን ነበር፤ ቀሪውን በሚቀጥለው ሳምንት እንጨርሳለን። ዛሬ ቅድሚያ የሰጠሁት ከአንዲት እናት ለደረሰኝ ደብዳቤ ነው። የሚኖሩት ክፍለ ሀገር ነው፤ ልጃቸው ሌላ ክልል ባለ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። የጻፉልኝ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። «ሲስተር፣ ልጄን ዲሲፕሊን ኮሚቴ ቅረብ ብለውታል አሉ። እሱ ስልክ አያነሳም፤ የነገረኝ የዶርም ጓደኛው ነው። ሊታሰር ነው ወይስ ሊባረር? ማንን ሄጄ ልለምን? እንቅልፍ ካየሁ ሳምንት ሆነኝ።»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲደርሰኝ የመጀመሪያው አይደለም። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ የነርስ ዲፕሎማ ይዤ ዕድሜዬን በሕሙማን አልጋ ዙሪያ ያሳለፍኩ ሴት ነኝ። ይሁን እንጂ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የነበሩትን ዓመታት በአንድ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የተግባር ልምምድ ሳስተምር፣ መምህራንን ወክዬ የተማሪዎች ዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል ሆኜ ሠርቻለሁ። ጠረጴዛው ዙሪያ የሚሆነውን ከውስጥ አይቻለሁ። ከጠረጴዛው የተነሱት ልጆችና ወላጆች ምን እንደሚሆኑም ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አይቻለሁ። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ ብለን አካሄዱን ደረጃ በደረጃ እንየው።

ሦስቱ በሮች

ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚደነግጡት ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገው ስለሚያዩ ነው። አንደኛው የውጤት ጉዳይ ነው። ተማሪው ነጥቡ ከሚፈለገው በታች ሲሆን የሚሰናበትበት መንገድ ነው፤ ይህ የትምህርት ክፍሉና የሬጅስትራር ሥራ እንጂ ከጠባይ ጋር አይያያዝም። ሁለተኛው የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው። ተማሪው የተቋሙን የሥነ ምግባር ደንብ ጥሷል ተብሎ የሚጠየቅበት ነው። ሦስተኛው የፖሊስና የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው።

የዲሲፕሊን ኮሚቴ ማንንም አያስርም። ፍርድ ቤትም አይደለም። ትልቁ ሥልጣኑ ተማሪው በግቢው ይቆይ ወይስ ይውጣ በሚለው ላይ ነው። ነገር ግን አንድ ድርጊት ሁለት በር ሊከፍት ይችላል። ዶርም ውስጥ ተማሪ ጓደኛውን በስለት ቢወጋ ፖሊስም ይይዘዋል፣ ኮሚቴም ይጠይቀዋል። ሁለቱ ለየብቻ ይሄዳሉ፤ አንዱ ቤት ነፃ መባል ሌላው ቤት ወዲያው ነፃ አያስብልም። በተለይ ደግሞ ጉዳዩ ፖሊስ ጋ የደረሰ ከሆነ ተማሪው ለኮሚቴው የሚጽፈው ቃል በወንጀሉም ጉዳይ ሊነሳበት ስለሚችል፣ ከመጻፉ በፊት ጠበቃ ማማከር አለበት።

ደንቡ የት ነው ያለው? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 የተማሪን መብትና ግዴታ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ፣ ማለትም ምን ጥፋት ነው፣ ቅጣቱ ስንት ነው፣ ይግባኙ ለማን ነው የሚለው ግን የሚገኘው በእያንዳንዱ ተቋም የሴኔት ሌጅስሌሽን ወይም የተማሪዎች ዲሲፕሊን መመሪያ ውስጥ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የገጠመውን ሰምታችሁ «እንዲህ ነው የሚሆነው» አትበሉ። የመጀመሪያው ሥራ የዚያን ተቋም መመሪያ ማግኘት ነው። ፍሬሽ ተማሪ ሲገባ ይነገረዋል፤ አንዳንድ ቦታ ያስፈርሙታልም። የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። ከተማሪዎች ዲን ቢሮ ወይም ከተማሪዎች ኅብረት ጠይቆ ቅጂውን መያዝ ይቻላል።

ልጆቻችን በምን ይከሰሳሉ?

ብዙው የፈተና ጉዳይ ነው። አጤሬራ ይዞ መገኘት፣ ስልክ ይዞ ፈተና ክፍል መግባት፣ መኮራረጅ፣ በሌላ ሰው ስም መፈተን። ቀጥሎ የዶርም ጉዳይ ይመጣል፦ ጠብ፣ ስርቆት፣ ሰክሮ መግባት፣ ጫትና ሌላ ነገር፣ ፕሮክተርን መሳደብ፣ የውጭ ሰው ማሳደር። የንብረት ማጥፋት አለ። በብሔር ወይም በሃይማኖት ሰበብ የሚነሳ ግርግር አለ፤ ይህ ዓይነቱ ሃያና ሠላሳ ልጅ በአንድ ሌሊት የሚያጠራቅም ስለሆነ፣ እጁ ያለበትና በአጋጣሚ ኮሪደር ላይ የተገኘው የሚቀላቀሉበት እሱ ነው። ፆታዊ ትንኮሳም አለ፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

በጤና ተማሪዎች ዘንድ ደግሞ ሌላው ተማሪ የማያውቀው ጥፋት አለ። የሕመምተኛን ሙቀትና የደም ግፊት ሳይለኩ ቻርት ላይ ቁጥር መሙላት፣ የታካሚን ፎቶ አንስቶ ለጓደኛ መላክ፣ የተኛ ሰውን ምስጢር ካፌ ውስጥ ማውራት። ልጆቹ «ቀልድ ነው» ይላሉ። ሳይለካ የተጻፈ የደም ግፊት ግን ሐኪሙን አሳስቶ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ የጤና ኮሌጆች በዚህ ላይ ጠንከር ይላሉ፤ ልክም ናቸው።

ሙያዬ ስለሆነ አንዱን ነጥዬ ልናገር፦ የሐኪም ወረቀት። ፈተና ያመለጠው ተማሪ ከየትም ያገኘውን የሕክምና ማስረጃ ይዞ ይመጣል። ወላጆች አንዳንዴ ራሳቸው በዘመድ በኩል ያስጽፉለታል። ኮሚቴው የተጠራጠረው እንደሆነ ለጤና ተቋሙ ደብዳቤ ጽፎ «ይህ ወረቀት ከእናንተ ወጥቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ተቋሙ የካርድ ቁጥሩንና ቀኑን መዝገብ ላይ ያያል። ምን በሽታ እንደያዘው የመናገር ግዴታ የለበትም፤ ወረቀቱ የእሱ መሆን አለመሆኑን ግን ይመልሳል። መዝገቡ ላይ የሌለ ካርድ ሲገኝ አንድ ፈተና ማለፍ የነበረበት ጉዳይ ሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ከኮሚቴም አልፎ በወንጀል ሕግ የሚያስጠይቅ ነው። ልጁ በእውነት ታሞ ከሆነ በታመመ ዕለት ይታከም፣ በዚያው ዕለት ለትምህርት ክፍሉ ያሳውቅ። ከሳምንት በኋላ የሚጻፍ ወረቀት ለማንም አይበጅም።

ከጥቆማ እስከ ውሳኔ

እኔ ነርስነት በተማርኩበት ዘመን ሜትረን ማለት ዐቃቤ ሕግም ዳኛም ነበረች። ጥፍርሽ አድጓል፣ ቆብሽ ተጣሟል፣ ከሰዓት እላፊ ገብተሻል ካለች ጉዳዩ እዚያው ቢሮዋ በር ላይ ያልቃል። ሻንጣዋን ይዛ ስታለቅስ ከግቢ የወጣች ልጅ አስታውሳለሁ፤ ምን እንዳጠፋች ዛሬም አላወቅንም። የኮሚቴ ሥርዓት የመጣው ይህ እንዳይሆን ነው። አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» ሲሉ አደባባይ ላይ ተከራክረው ነው የሚረቱት፤ ሳይሰሙ መፍረድ ባህላችንም አይደለም።

አካሄዱ በአብዛኛው ተቋም ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ጥቆማ ወይም ሪፖርት ይቀርባል። ፈታኙ፣ ፕሮክተሩ፣ የግቢ ጥበቃው፣ ወይም የተበደለ ተማሪ ይጽፋል። የተያዘ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ አጤሬራው ወይም ስልኩ፣ አብሮ ይያያዛል። ሪፖርቱ ለተማሪዎች ዲን ወይም ለኮሌጁ ዲን ይደርሳል። ቀላል ከሆነ እዚያው በምክርና በማስጠንቀቂያ ይዘጋል። ከበድ ያለ ከሆነ ወደ ኮሚቴው ይመራል።

ኮሚቴው ውስጥ መምህራን፣ ከተማሪዎች አገልግሎት የመጣ ሰው፣ ብዙ ቦታም የተማሪዎች ተወካይ ይቀመጣሉ። ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ከዚያ ተከሳሹ ተማሪ ደብዳቤ ይደርሰዋል። በደብዳቤው ላይ ምን እንዳደረገ፣ መቼና የት እንዳደረገ፣ የትኛውን አንቀጽ እንደጣሰ፣ መልሱን እስከ መቼ እንደሚያቀርብ ሊገለጽለት ይገባል። «ጥፋት ስላጠፋህ ቅረብ» የሚል ብቻ ከሆነ ተማሪው በትሕትና «የተከሰስኩበት ዝርዝር በጽሑፍ ይሰጠኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህ ድፍረት አይደለም። ያላወቀውን ክስ የሚከላከል የለም።

ቀጥሎ ተማሪው የጽሑፍ መልስ ይሰጣል፣ ምስክር ካለው ይቆጥራል። በቀጠሮው ቀን ይቀርባል። ሪፖርቱ ይነበብለታል፤ ያምን እንደሆነ ወይም ይክድ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ይናገራል። የጠቋሚው ምስክሮች ይሰማሉ፣ የእሱም ይሰማሉ። ከዚያ ይወጣል፤ አባላቱ ይመክራሉ። ስምምነት ከሌለ በድምፅ ብልጫ ይወስናሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በብዙ ተቋም ኮሚቴው የሚያቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ነው። የሚያጸድቀው ዲኑ፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ወይም ሌላ የበላይ ነው። ስለዚህ ከስብሰባው የወጣ አንድ አባል «አበቃልህ» ወይም «ነፃ ነህ» ቢለው ገና ውሳኔ አይደለም። ውሳኔ የሚባለው ፊርማና ማኅተም ያለበት፣ ምክንያቱ የተጻፈበት ደብዳቤ ነው።

ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ መሰጠቱ የደግነት ጉዳይ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የአስተዳደር መሥሪያ ቤቶች በሰው መብት ላይ ሲወስኑ ባለጉዳዩን እንዲሰሙ፣ ውሳኔያቸውንም ከነምክንያቱ እንዲያሳውቁ አድርጎ ነው የተጻፈው። የአገሩ የፍትሕ አስተሳሰብ ወዴት እንደሚሄድ ከዚህ ይታያል።

ቅጣቱ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። የቃል ማስጠንቀቂያ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፣ ያበላሸውን ንብረት መክፈል፣ በፈተናው ኤፍ መቀበል፣ ለአንድ ሴሚስተር ወይም ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ መታገድ፣ በመጨረሻም ጭራሽ መሰናበት። ኮሚቴ ሲመዝን የመጀመሪያ ጥፋቱ ነው ወይስ ደጋግሟል፣ ሰው ተጎድቷል ወይ፣ እውነቱን ተናግሯል ወይ የሚሉትን ያያል። እኔ በነበርኩበት ኮሚቴ «አዎ፣ ይዤ ገብቻለሁ፤ አልተጠቀምኩበትም ግን ይዤ መግባቴ ልክ አይደለም» ያለች ልጅና፣ አጤሬራው በራሱ እጅ ጽሑፍ ተጽፎ ሳለ «ነፋስ ነው ያመጣው» ያለ ልጅ በአንድ ቀን ቀርበው ነበር። ሁለቱ ያገኙት አንድ ዓይነት ቅጣት አልነበረም።

በኪስ የቀረ ደብዳቤ

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስቻኮለኝን ልንገራችሁ። ድንገተኛ ክፍል ስሠራ አንድ ሌሊት አንድ ወጣት አመጡልን። ራሱን ሊጎዳ ሞክሮ ነበር። ፈጣሪ ይመስገን፣ ተረፈ። ሲረጋጋ እንደተለመደው ልብሱን አጣጥፌ ሳስቀምጥ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ፣ ጠርዙ ያለቀ ደብዳቤ ነበር። በኋላ ራሱ አውጥቶ አሳየኝ። በዶርም ጠብ ምክንያት ለአንድ ዓመት የታገደበት ደብዳቤ ነው።

ከታገደ አራተኛ ወሩ ነበር። ወደ ቤቱ አልሄደም። እናቱ ጠላ ጠምቀው የሚልኩለትን ገንዘብ እየተቀበለ፣ አንድ ሳምንት እዚህ ጓደኛ ጋ፣ አንድ ሳምንት እዚያ እያደረ፣ በስልክ «ፈተና እያጠናሁ ነው» ይላል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ከዚያም በላይ የደብዳቤው የመጨረሻ አንቀጽ ነው። «በውሳኔው ቅር ከተሰኙ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ይግባኝ ማቅረብ ይችላሉ» ይላል። «ይግባኝ አልክ ወይ?» አልኩት። «እሱን አላየሁትም፤ ‘ታግደሃል’ የሚለውን ካየሁ በኋላ አላነበብኩም» አለኝ። በጠቡ ዕለት ከዶርሙ ውጪ እንደነበር የሚመሰክሩለት ሁለት የቤተ መጻሕፍት ጓደኞች ነበሩት። ማንም አልጠራቸውም፤ እሱም አልቆጠራቸውም። ቀኑ አልፎ ነበር።

እናቱን አስጠራን። እኒያ ሴት አልጋው ጫፍ ቁጭ ብለው «ዓመት ምን አላት ልጄ? አንተ ኑርልኝ እንጂ» አሉት። ያንን ዓመት ቤቱ ከርሞ፣ በተባለው ቀን ተመዝግቦ ተመለሰ፤ ተመረቀም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የምንለው ለቁስል ብቻ አይደለም።

ወላጅ ምን ያድርግ?

መጀመሪያ ልጁን አግኙት። ስልክ ካላነሳ በጓደኛው በኩል «አልቆጣህም፤ ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው» የሚል መልእክት ላኩ። የምትሉትንም ጠብቁ። አባት ሆዬ «ከቤቴ እንዳትደርስ» ያለ እንደሆነ ልጁ የሚደርስበት ቤት ያጣል። ቁጣው ይቆይ፤ ጊዜ አለው።

ሁለተኛ ወረቀቱን ጠይቁ። የክሱ ደብዳቤ፣ የመልሱ ቀን፣ የተቋሙ መመሪያ። ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ጀርባው ላይ ይጻፍ፤ የይግባኝ ጊዜ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። የሚሰጠውን ሁሉ በሁለት ቅጂ ያዘጋጅ፣ አንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» ተብሎ ይፈረምለት።

ሦስተኛ መልሱን ሲጽፍ እርዱት እንጂ አትጻፉለት። አጭር ይሁን፤ ምን ሆነ፣ የት ነበርኩ፣ ማን አየኝ የሚለው ይበቃል። ስድብና እርግማን አይጨመርበት። ያላነበበውን ቃል እንዳይፈርም ንገሩት። በድንጋጤ ሌሊት በጥበቃ ቢሮ የተፈረመ ወረቀት ጠዋት «አላልኩም» ቢሉት ይከብዳል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አራተኛ ምስክሮችን አያስፈራራ፣ አይለምን። ከሳሹን ዶርሙ ድረስ ሄዶ «ተውልኝ» ማለት ራሱ ሌላ ክስ ያመጣል። ስልኩ ላይ ያለውንም አያጥፋ።

አምስተኛ አማላጅ ይዛችሁ የኮሚቴ አባላት ቤት አትሂዱ። ይህን የምለው ተደጋግሞ ስላየሁት ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዳቦ ተሸክሞ በሬን ያንኳኳበት ጊዜ ነበር። ሽምግልና ደግ ባህል ነው፤ ሁለት የተጣሉ ተማሪዎችን ቢያስታርቅ ለኮሚቴውም ይጠቅማል፤ እርቁን በጽሑፍ ያቅርቡት። አባላቱን ለማባበል ሲሆን ግን ልጁን ይጎዳዋል። «ጉዳዩን እጨርስልሃለሁ፤ ይህን ያህል ብር አምጣ» የሚል ካጋጠማችሁ እሱ ደላላ ነው። ገንዘባችሁን ወስዶ ውሳኔው ሲወጣ ስልኩን ይዘጋል፤ እናንተንም በጉቦ ሊያስከስሳችሁ ይችላል።

ስድስተኛ ውሳኔው ካላረካችሁ ይግባኝ በሉ። «ምሕረት ይደረግልኝ» ብቻ ብሎ መጻፍ ይግባኝ አይደለም። ጥሩ ይግባኝ ከሦስቱ አንዱን ያሳያል፦ ሳልሰማ ተወሰነብኝ፣ ማስረጃው አይበቃም ወይም አዲስ ማስረጃ አለኝ፣ ቅጣቱ ከመመሪያው ወይም ከጥፋቱ በላይ ነው። በተቋሙ ውስጥ ያለው መንገድ ሁሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደል አቤቱታ ይቀበላል። የግል ኮሌጅ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አለ። ፍርድ ቤትን ካሰባችሁ ሳይረፍድ ጠበቃ አማክሩ፤ እዚያም ጊዜ ይቆጠራል።

ከሳሿ የእናንተ ልጅ ስትሆንስ?

እስካሁን ያወራሁት ስለ ተከሳሽ ነው። ሌላም ወላጅ አለ። ልጁ ተደብድቦ፣ ልጁ ተተንኩላ ወይም ተደፍራ፣ «ዝም በይ፤ ስምሽ ይጠፋል» እየተባለች ያለች። የዲሲፕሊን ሥርዓቱ ለእሷም ነው።

ጥቃት ከደረሰባት ከክሱ በፊት ጤናዋ ይቀድማል። ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳታጥብ በቶሎ ወደ ሆስፒታል ትሂድ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይጠቅምም፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያም እንዲሁ ጊዜ አይሰጥም። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ዓይነት ማዕከል ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የፖሊሱን ሥራ አንድ ቦታ ላይ ያገናኛል። የሕክምና ማስረጃው በዚያ ይዘጋጃል።

ግቢ ውስጥ ደግሞ የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አለ። እዚያ ያመለከተች ልጅ ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት ሳትቀመጥ ቃሏን እንድትሰጥ፣ ዶርሟ እንዲቀየር፣ ተከሳሹ እንዳይቀርባት እንዲታዘዝ መጠየቅ ትችላለች። ተከሳሹ መምህር ከሆነ ጉዳዩ የሚታየው በመምህራን የዲሲፕሊን መንገድ ነው፤ ስለዚህ ጥቆማዋን የምታስገባበትን ቢሮ ቀድማ ታጣራ። የደረሳትን መልእክት ሁሉ ከነቀኑ ታስቀምጥ። ወላጅ ሆናችሁ «ምን ለብሰሽ ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ። ያ ጥያቄ አንዴ ከእናት አፍ ከወጣ ልጅቷ ለኮሚቴም ለሐኪምም አትናገርም።

ተከሳሹም መሰማት አለበት፤ የተሰማ ክስ ነው የሚጸና። ሳይሰማ የተባረረ ጥፋተኛ በይግባኝ ተመልሶ ሲመጣ የምትጎዳው ያችው ልጅ ናት። ትክክለኛ አካሄድ ለሁለቱም ወገን ጥላ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በመጠባበቅ ላይ ያለ ልጅ

ውሳኔ የሚጠበቅበት ጊዜ ከውሳኔው የባሰ ሆኖ አይቼዋለሁ። ሳምንት ይሄዳል፤ አባል ይጎድላል፣ ምስክር ይቀራል፣ ቀጠሮ ይራዘማል። ልጁ ክፍል እየገባ ይሆናል፤ ልቡ ግን እዚያ የለም። የምትከታተሉት እንዲህ ያለውን ነው፦ እንቅልፍ ማጣት ወይም ቀኑን ሙሉ መተኛት፣ ምግብ መተው፣ ከጓደኛ መሸሽ፣ መጠጥና ጫት ማብዛት፣ ንብረቱን ለሰው ማደል፣ «እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር» ማለት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ከሰማችሁ ወይም ካያችሁ ነገ አትበሉ። ብቻውን አይደር። ፊት ለፊት «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ያቀለዋል እንጂ። በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ውሰዱት፤ አዲስ አበባ ለሆናችሁ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም አለ። «አማኑኤል የሚሄደው እብድ ነው» የሚለውን ወሬ ተዉት፤ ያዘነ ሰውም ይታከምበታል።

ውሳኔው እገዳ ከሆነ ዓመቱ ባዶ እንዳይሆን ተነጋገሩ። ከግቢ ሲወጣ ክሊራንሱን በሥርዓት ያስጨርስ። የእገዳውን ደብዳቤ ቅጂ ያስቀምጥ፤ ዳግም የሚመዘገብበትን ቀን አስቀድሞ ሬጅስትራር ጠይቆ ይወቅ፤ ቀኑን ያሳለፈ ተማሪ በራሱ ጊዜ ሌላ ዓመት ይጨምራል። እስከዚያ ሥራ ይያዝ፣ አጭር ሥልጠና ይውሰድ፣ ወላጁን ያግዝ። ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበት ቦታ ያለው ልጅ አይጠፋም።

ለደብዳቤ ጸሐፊዋ እናት፦ ልጅዎ አልታሰረም፤ ገና አልተባረረም። እንዲቀርብ ነው የተጠራው፤ መቅረብ ማለት ደግሞ ሊሰማ ነው ማለት ነው። የሚለምኑት ሰው አይፈልጉ። ይልቁን የዶርም ጓደኛውን በድጋሚ ይደውሉለትና «ደብዳቤውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ እሱንም ከአጠገብህ አትለየው» ይበሉት። መጓዝ ከቻሉ ይሂዱ። ኮሚቴው ክፍል ባያስገባዎ እንኳ ውጪ አግዳሚው ላይ እናቱ እንደተቀመጠች የሚያውቅ ልጅ ውስጥ ገብቶ አንገቱን ቀና አድርጎ ይናገራል።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ደም ግፊቱ እንመለሳለን፤ ይህን ሁሉ ያነበባችሁ ወላጆች ግፊታችሁን ሳትለኩ እንዳትቆዩኝ። ሰላም ሰንብቱ።